አራት ምት ዝምታ

ጎባ ውስጥ ድምፄን የማያውቅ ሰው የለም፤ ደስ ብሎት የሚሰማው ግን የለም። አፌን ስከፍት ሴቶች ደረታቸውን ይይዛሉ፣ ሻይ የሚጠጣው ብርጭቆውን ያስቀምጣል፣ ባጃጁ መንገድ ዳር ይቆማል። እስቲ የትኛው ራፐር ነው እንዲህ በጸጥታ የሚደመጠው? አዲስ አበባ ያሉት እንኳ ይህን ዕድል አላገኙም።

ነገሩ ወዲህ ነው። እኔ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ጡሩምባውን ሦስቴ እነፋለሁ፣ የሟቹን ስም ከነአባቱ ሦስቴ እጠራለሁ፣ ከዚያ የቀብሩን ቦታና ሰዓት እናገራለሁ። ሥራው የአባቴ ነበር። አባቴ ገብረ መድኅን ሠላሳ አንድ ዓመት የሰፈሩን ሰው ሞት ለፍፏል፤ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ እድራችን የሰፈር ነውና። ጉልበቱ ሲደክም ጡሩምባውን ለእኔ አወረሰኝ። ትፈልጋለህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እጄ ላይ አስቀመጠውና ወደ ቤት ገባ።

ሁለተኛው ሥራዬ ራፕ ነው። እውነቱን ለመናገር የልቤ ሥራ እሱ ነው። ግጥሙን እኔ እጽፋለሁ፣ ቢቱን ሙህዲን ይሠራል፣ ሚክሱ ላይ ሁለታችንም እንጨቃጨቃለን። ሙህዲን ያለው ሮቤ ነው። እህቱ መርዋ የስልክ ዕቃ ከምትሸጥበት ሱቅ ጀርባ አንዲት ክፍል አለችው። ግድግዳዋን ገለባ በተጠቀጠቀባቸው ማዳበሪያዎች ሸፍኖ ስቱዲዮ ብሎ ሰይሟታል። ክረምት ቆርቆሮው ይጮህብናል፤ በመኸር ኮምባይነር በበሩ ባለፈ ቁጥር ማይኩ ይንቀጠቀጣል። ሮቤ እውነተኛ ጸጥታ የምታገኘው አርብ በጁምዓ ሰዓት ነው፤ ያኔ ሙህዲን መስጊድ ነው። እሁድ ጠዋትም ጸጥ ይላል፤ ያኔ እኔ ቅዳሴ ላይ ነኝ። ስለዚህ ሰባት ዓመት ሙሉ የቀዳነው በግርግር መሃል ነው።

በእነዚህ ሰባት ዓመታት ያልሠራነው የለም። የሰርግ ዘፈን ሠርተናል፣ ለምርጥ ዘር ማስታወቂያ ቢት ገጥመናል፣ የተማሪ ምረቃ ላይ መድረክ ወጥተን መብራት ሄዶብን በጨለማ ቆመናል። አንዴ ሥራችንን ይዘን አዲስ አበባ ሄድን። አንድ ስሙ የተጠራ ፕሮዲውሰር በትዕግሥት ሰማንና «ጎበዞች ናችሁ፤ ግን ከየት እንደመጣችሁ ሙዚቃችሁ አይናገርም» አለን። ሙህዲን ከዚያ እስከ ሮቤ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። መናኸሪያው ስንወርድ ብቻ፣ «ዋላሂ ሰውዬው ልክ ነው» አለ። እኔ ሰውዬውን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ ልክ መሆኑን ግን አውቃለሁ።

በዚያው ዓመት የአባቴ ጆሮ ይከዳው ጀመር። ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ «ቀስ እያለ ይሄዳል» አለኝ። ቀስ ማለት ስንት ወር ወይም ስንት ዓመት እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ውሎ አባቴ በመስኮት ብቅ ብሎ አየና «ዛሬ ዘንቧል እንዴ?» አለኝ። እዚያው ነው የወሰንኩት። አባቴ ጆሮው ጨርሶ ሳይዘጋ ስለ እሱ የተሠራ አንድ ዘፈን መስማት አለበት። ሌላው ሁሉ፣ መድረኩም ዝናውም፣ ቢቀር ይቅር።

ችግሩ አባቴ ዘፈኔን አይሰማም። ስንቴ ለምኜዋለሁ።

«ሞት የሚለፍፍ አፍ አይዘፍንም» ይለኛል። «ትናንት የልጇን ስም የጠራህላት እናት ዛሬ ስትጨፍር ብትሰማህ ምን ትላለች?»

«መጨፈር አይደለም አባዬ። ስለ ሰው ነው የምናገረው።»

«ስለ ሰው የምትናገረው ሲሞት ነው። እሱ ይበቃሃል።»

ግትር ነው። እኔም ልጁ ነኝ። አንድ ማክሰኞ ጡሩምባውን በጃኬቴ ጠቅልዬ ሳልነግረው ሮቤ ይዤው ሄድኩ። ንብረትነቱ የእድሩ ነው፤ ከለቅሶ በቀር ከቤት አይወጣም። አውቃለሁ። ግን የአባቴ ዘፈን ያለ ጡሩምባ ምን ሊሆን ነው?

በሙህዲን ሰፈር ጡሩምባ አይነፋም፤ ሞት የሚነገረው በስልክና በሰው አፍ ነው። ስለዚህ ለእሱ ጡሩምባው ድምፅ ብቻ ነበር። ማይኩ ፊት ስነፋው ዓይኑ በራ። «ፊሊ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ይሄን ደብቀህ ነው?» አለኝ። መግቢያውን በዚያው ቀን ሠራነው። ጡሩምባው ሦስቴ ይነፋል። ከዚያ የእኔ ድምፅ ብቻውን ይመጣል፤ «ገብረ መድኅን አያሌው! ገብረ መድኅን አያሌው! ገብረ መድኅን አያሌው!» ከዚያ አራት ምት ዝምታ። ከዚያ ቤዙ ይወድቅና ራፑ ይጀምራል።

ዝምታዋ የሙህዲን ፈጠራ ናት። ከሠራው ቢት ሁሉ እሷን ይወዳታል። ወደ ሁለት ምት ላሳጥራት ስለው ሊጣላኝ ደረሰ። ሁለት ወር ሙሉ ያንን መግቢያ በጆሮ ማዳመጫ ስንሰማ፣ ስናርም፣ ስናስተካክል፣ ለእኔም ጡሩምባነቱ ጠፋኝ። የዘፈን መግቢያ ሆነ በቃ። ሠላሳ ዓመት ከጡሩምባ ነፊ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ! ግን እንጀራ የሚሸጥ ሰው ጦሙን ያድራል እንደሚሉት ሆነብኝ፤ በሰፈሩ ሁሉ የማውቀውን በራሴ ቤት አላየሁትም።

ዘፈኑን ማክሰኞ ማታ ኢንተርኔት ላይ ለቀቅነው። ረቡዕ የጎባ ገበያ ነው። ጉቱ የሚባል ባጃጅ ነጂ ጓደኛ አለን፤ ባጃጁ ላይ የጫነው ድምፅ ማጉያ ከባጃጁ ይበልጣል። «ገበያው ዙሪያ ቀስ ብለህ ዙርበት» ብዬ ፋይሉን ላኩለት። እኔ ጠዋት አባቴን ጓሮ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ፣ ጋቢውን ደርቤለት፣ ስንት ሰው እንዳየው ከሙህዲን ጋር ልንከታተል ሮቤ ወረድኩ። ማታ ስመለስ ዘፈኑ በሰው አፍ ሲወደስ ይደርሰውና እንቢ ማለት ያቅተዋል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ረፋዱ ላይ ስልኬ ጮኸ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኃይለልዑል ናቸው። ያለቅሳሉ።

«ፊሊጶስ ልጄ፣ በርታ እንግዲህ። እኔን ሳታማክር በመለፈፍህ አልፈርድብህም። አባት ነው። ድንኳኑን ልከናል። ቶሎ ና።»

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ጆሮዬ የያዘው «አባት ነው» እና «ድንኳኑን» የሚሉትን ብቻ ነው። ሙህዲን ምን ሆንክ አላለኝም፤ ፊቴን አይቶ ጫማውን ሳያስር ተነሳ። መርዋ ሱቋን ትታ እስከ መንገድ ሸኘችን።

ሚኒባሱ ውስጥ ሙህዲን እጄን ይዞ በአፉ ውስጥ ዱዓ ያደርግልኛል። የሮቤና የጎባን መንገድ በዕድሜዬ ሁሉ ተመላልሼበታለሁ፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። ስንዴው በግራ በቀኝ ቆሟል፣ ሰው ያርማል፣ ፈረስ ጋሪ ይጎትታል፣ ሁሉም ሥራው ላይ ነው። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዘፈኑን ሳይሰማው ሄደ። አንድ ቀን ቀደም ብዬ በግድም ቢሆን ጆሮው ላይ ብጮህበት ኖሮ ይሰማው ነበር። ለአንድ ዓመት አባዬ እወድሃለሁ ማለት አፍሬ ቢት ሳስተካክል ከረምኩ። እንባዬ እየወረደ ሰው ያየኛል፤ ደንታም አልሰጠኝም።

ከኋላችን ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ማን ነው አሉ የሞተው?»

«ጡሩምባ ነፊው፣ ጋሽ ገብረ መድኅን። እህቴ በስልክ አሰማችኝ እኮ። ልጁ ራሱ ነው የለፈፈው፣ አንጀት ይበላል። ጡሩምባውን ነፋ፣ የአባቱን ስም ሦስቴ ጠራ፣ ከዚያ ዝም አለ። ምስኪን፣ እንባ ድምፁን ይዞበት ይሆናል።»

ወደ ሙህዲን ዞርኩ። እሱም ወደ እኔ ዞሮ ነበር።

«ዝምታው» አለኝ በሹክሹክታ። «ያ ረቢ! ፊሊ፣ ዝምታው!»

አባቴ አልሞተም። የገደልኩት እኔ ነኝ። መሳቅ ጀመርኩ፣ መሃሉ ላይ ለቅሶ ሆነ፣ እንደገና ሳቅ። ሴትዮዋ ትከሻዬን ይዛ «አይዞህ ወንድሜ፣ የቅርብ ዘመድ ነበሩ?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ፤ ሰው ሁሉ ዋይ እያለ ሲገባበት ሽማግሌው በድንጋጤ እውነት ቢሞትስ? ሾፌሩን ንዳው አልኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

የሆነውን በኋላ ቁርጥራጩን ገጣጥሜ ነው የሰማሁት። ጉቱ ባጃጁን ቀስ አድርጎ ገበያውን ዞረ። ጡሩምባው ሲሰማ ገበያው ጸጥ አለ። ስሙ ሦስቴ ሲጠራ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። በአራቱ ምት ዝምታ ውስጥ ግማሹ ገበያ ወደ ቤታችን መሮጥ ጀመረ፤ ራፑን የጠበቀ አንድም ሰው የለም። ጉቱ ደግሞ ሰዉ ራሱን ይዞ ሲሮጥ አየና ዘፈኑ ገባቸው ብሎ ደስ አለው። ከመጀመሪያው መለሰው። አምስቴ መልሶታል።

ቤታችን ቀድመው የደረሱት የድንኳን ቋሚ የተሸከሙ ወንዶች ናቸው። ከፊት የጎረቤታችን ልጅ ፍቅረየሱስ አለ። ጓሮ ሲዞር አባቴ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። አባቴ ቋሚውን አየና ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ማነው የሞተው?» አለ። «ለምንድን ነው እስካሁን ያልተነገረኝ?»

ፍቅረየሱስ የያዘው እንጨት ከእጁ ወደቀ። «እርስዎ» አለ።

«ማን?»

«እርስዎ ነዎት!» ብሎ ጮኸ።

«መቼ?» አለ አባቴ።

በዚህ መሃል አዴ ሃጂራ ገቡ። አርባ ዓመት አጥር የሚለየን ጎረቤት ናቸው። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» እያሉ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠርገው ቀና ሲሉ ሟቹ ቆሟል። «አስተግፊሩላህ! ገብሬ፣ ጅርታ?» አሉት። አለህ ወይ ማለታቸው ነው። «አለሁ መሰለኝ፤ ሰው ግን አልተስማማም» አላቸው። አዴ ሃጂራ መሬት ላይ ተቀምጠው እስኪደክማቸው ሳቁ፤ ከዚያ ደግሞ አለቀሱ።

እኔ ስደርስ ድንኳኑ ግማሹ ቆሟል፣ ንፍሮው ተጥዷል፣ ግቢው ሞልቷል። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ዋይ ብለው የገቡት ሴቶች አሁን በሕይወት በመኖሩ እንደገና ያለቅሳሉ። አባቴ መሃላቸው ተቀምጧል። ሳየው ሮጬ ጉልበቱ ላይ ወደቅሁ። የጋቢው የጭስ ሽታ፣ የእጁ ሙቀት፣ ሁሉም እንደነበረ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፣ ደግሜም አልኩ።

ጋሽ ኃይለልዑል ግን ቁጣቸው አልበረደም። በእውነት አልቅሰው ነበርና አፍረዋል።

«የእድር ጡሩምባ ለዘፈን!» አሉ። «ሰው ነገ ስትነፋ እውነት ነው ብሎ ያምናል? ስብሰባ ይጠራል፣ ቅጣትህን ያኔ ትሰማለህ። ጡሩምባውንም ልትነጠቅ ትችላለህ።»

«ጋሽዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ሙህዲን ከኋላዬ። «ዝምታዋን ያስገባኋት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ኃይለልዑል ዝምታ እንዴት እንደሚገባ አልገባቸውምና ዝም አሉት።

አባቴ እጁን አንስቶ ሁሉንም ጸጥ አሰኘ። ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደው ነው። ወደ እኔ ዞረ።

«ጡሩምባውን ሮቤ ወሰድከው?»

«አዎ አባዬ» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሊቆጣ ነው ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ።

«ምን ብለህ ለፈፍከኝ?» አለ።

ይህን ጥያቄ ዓመት ሙሉ ጠብቄዋለሁ፤ ግን እንዲህ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ጉቱ ባጃጁን እስከ ድንኳኑ አስገባና ዘፈኑን ከፈተው። አባቴ ጆሮውን በመዳፉ አቅንቶ ጎንበስ አለ። ጡሩምባው ሲነፋ ፈገግ አለ፤ ይሰማዋል። ስሙ ሲጠራ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቤዙ ወደቀና ራፑ ተጀመረ፤ የአባቴም ፊት ጠቆረ። ሁለት ወር የለፋንበት ነገር ሁሉ ለእሱ አንድ የተደበላለቀ ጩኸት ነበር። ዓይኖቼን እያየ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«ከበሮው ቃሉን ይበላዋል» አለ።

«አባ፣ ቤዙን ልቀንሰው?» አለ ሙህዲን።

«አጥፋው።» አባቴ እጄን ያዘኝ። «ቃሉ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው ወይስ አፍህ ላይ? አንተ ንገረኝ።»

መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ ወጥቻለሁ። እንደዚያን ቀን ግን ባዶ እጄን ቆሜ አላውቅም። ቢት የለም፣ ማይክ የለም፣ ገበያው ሁሉ ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ያየኛል። ሙህዲን በጫማው አፈሩን ቀስ እያለ ይመታልኝ ጀመር፤ ተወው አልኩት። ፊት ለፊቱ ተንበረከክሁና፣ አፌን እንዲያይ ቀና ብዬ፣ ስም በምጠራበት ድምፄ፣ እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ አስቀመጥሁለት።

«ጭቃ ሳይል፣ ጉም ሳይል፣ ከደጅ ደጅ የዞረ፣
የራሱን ሚስት ሞት በራሱ አፍ የተናገረ፣
የሰው ሁሉ ስም በእሱ አፍ አለፈ፣
የእሱን ግን ማን ጠርቶ፣ ማን ለፈፈ?
ጎባ ሆይ ስሚኝ፣ ስሙን ልንገራችሁ፤
ሳይሞት ነው የምጠራው፣ በቁሙ እያያችሁ።»

ሁለተኛው መስመር የእናቴ ነው። እናቴ ወለተኢየሱስ ስትሞት አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። እድሩ ሌላ ሰው ይንፋ ቢለው አባቴ እንቢ ብሎ ወጣ። ከኋላው ተከትዬዋለሁ። ስሟን በየመንታ መንገዱ ሦስት ሦስቴ ጠራ፤ አንዴም አልተንቀጠቀጠም። ቤት ሲገባ ጡሩምባውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ተቀመጠ። ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ አንድም ሰው አመስግኖት አያውቅም። እኔም አላመሰገንሁትም ነበር።

ቀጠልሁ። በማለዳ ጉም ውስጥ እየሳለ እንደሚወጣ፣ ዘመድ የሌለው መንገደኛ ሲሞት «የአባቱን ስም ባላውቅም የእኛ ሰው ነው» ብሎ ለፍፎ ሰፈሩን ሁሉ ቀብር እንዳስወጣ፣ የአዴ ሃጂራ ባል ሲሞት ዘመዶቻቸው ለቀብሩ በሰዓቱ እንዲደርሱ ሊነግራቸው እስከ ሮቤ መንገድ በእግሩ እንደሮጠ፣ የጻፍሁትን ሁሉ ነገርሁት። ለልጁ አንዴም ቆንጆ ቃል ወጥቶት እንደማያውቅ፣ ግን ማታ ማታ ብርድ ልብሴን እንደሚያስተካክልልኝ፣ የተኛሁ መስዬ እንደማውቅበት፣ እሱንም ነገርሁት። ይሄኛው ላይ ሰዉ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ዓይኑን ከአፌ አልነቀለም።

ስጨርስ ግቢው ውስጥ የንፍሮው ድስት ብቻ ይንተከተካል። አዴ ሃጂራ በሻሻቸው ፊታቸውን ሸፍነዋል። ጋሽ ኃይለልዑል ወደ አጥሩ ዞረው ቆመዋል።

አባቴ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ስለ ሰው ተናገርሁ» አለ። «አንዱም ሲሰማ አላየሁም። ሞቼ ቢሆን ይሄን ማን ይነግረኝ ነበር?»

እጁን ሳምሁት። እሱ ግን እጁን ነጠቀኝና በርጩማውን ወደ እኔ አስጠጋ፤ ደህና የሚሰማውን ጆሮ ወደ አፌ አዞረ።

«ድገምልኝ» አለ። «ሰው ሲገባ ሲወጣ ነበር፣ መጀመሪያው አመለጠኝ።»

ከመጀመሪያው ጀመርሁለት።